ጆሴፍ ፑሊትዘር እና የጋዜጠኝነት ሕግና ሥነ ምግባር ትምህርት

ጆሴፍ ፑሊትዘር እ.ኤ.አ. በ1847 በሃንጋሪ ማኮ ከተማ ተወለደ። በ17 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በእርስ በርስ ጦርነቱ በሰሜኑ ፈረሰኛ ጦር ዘመተ። በኋላም በሴንት ሉዊስ ሕግ አጥንቶ የጥብቅና ፈቃድ ቢያገኝም ሀብትና ዝና ያተረፈው በጋዜጣ ነው። በ1883 የኒውዮርኩን ወርልድ ጋዜጣ በ346,000 ዶላር ገዛ። በ1890ዎቹ ከዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት ጋር በገጠመው የገበያ ፉክክር ጋዜጣው ወሬ ማጋነንን ልማዱ አደረገ፤ ቢጫ ጋዜጠኝነት የሚባለው ስምም የመጣው ከዚሁ ነው። የኋላ በጎ ሥራው ይህን ሊሸፍን አይገባም።

በ1903፣ የዓይኑ ብርሃን ከደከመ ከዓመታት በኋላ፣ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ለኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ 2 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ተስማማ። ጋዜጠኝነት በተፈጥሮ የሚገኝ እንጂ በትምህርት የሚቀሰም አይደለም ላሉት ተቺዎች በ1904 በኖርዝ አሜሪካን ሪቪው መጽሔት ሰፊ መልስ ጻፈ። ሕግ ለጋዜጠኛው ሥራ በሚስማማ መልኩ ተመርጦ እንዲሰጥ፣ ሥነ ምግባር ደግሞ በአንድ ኮርስ ሳይወሰን በሁሉም ትምህርቶች ውስጥ እንዲሰርጽ ጠየቀ።

ብዙም ሳይቆይ ሕጉ ራሱን ፈተነው። ወርልድ በፓናማ ቦይ ግዢ ለተከፈለው 40 ሚሊዮን ዶላር ያነሣው ጥርጣሬ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትን አስቆጣ፤ መንግሥትም በ1909 ፑሊትዘርን በስም ማጥፋት ወንጀል ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጥር 1911 ለጋዜጣው ፈረደ። ይሁን እንጂ ፍርዱ የተመሠረተው በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ወሰን ላይ እንጂ በፕሬስ ነፃነት ላይ አልነበረም፤ ይህን ልዩነት ብዙ ጸሐፊዎች ይዘነጉታል።

ፑሊትዘር በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር መርከቡ በቻርለስተን ወደብ ሳለች ሞተ። ትምህርት ቤቱ ተማሪዎችን የተቀበለው በ1912 ነው።