ሰር ሮናልድ ሮስና የወባ ሒሳብ

ሰር ሮናልድ ሮስ ወባ በትንኝ አማካይነት እንደሚተላለፍ በማስረዳታቸው ስማቸው በዓለም የታወቀ ሐኪም ናቸው። ከዚህ ግኝት ጎን ለጎን ግን ረዥም ዕድሜያቸውን የሠዉለት ሌላ ሥራ ነበራቸው፤ ይኸውም የተላላፊ በሽታን መዛመትና መገታት በሒሳብ ቀመር መግለጽ ነው። በዘመናቸው ብዙ ሰሚ ያላገኘው ይህ ጥረት፣ ዛሬ ስለ ወረርሽኝ ለሚደረገው ስሌት ከመሠረቶቹ አንዱ ሆኖ ይቈጠራል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሮስ በሜይ 13 ቀን 1857 በሰሜን ሕንድ፣ በሂማላያ ተራሮች በምትገኘው በአልሞራ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በሕንድ የእንግሊዝ ጦር እስከ ጄኔራልነት ማዕረግ የደረሱ መኰንን ነበሩ። ልጃቸውን በ8 ዓመቱ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ላኩት። የወጣቱ ሮስ ልብ ያዘነበለው ወደ ሥዕል፣ ወደ ግጥምና ወደ ሙዚቃ ነበር፤ ሆኖም የአባታቸውን ፈቃድ ለመፈጸም ሲሉ ለንደን በሚገኘው በቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ሕክምናን ተማሩ። በ1881 የሕንድ የሕክምና አገልግሎት ባልደረባ ሆነው ወደ ትውልድ አገራቸው ተመለሱ። በዚያም ከሥራቸው የሚተርፋቸውን ሰዓት ያለ አስተማሪ ሒሳብን ለማጥናት አዋሉት። ይህ ጥናት የሚያስገኘው ፍሬ የታየው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ፈረንሳዊው ሐኪም አልፎንስ ላቬራን በ1880 የወባን ተሕዋስ በሰው ደም ውስጥ አግኝተው ነበር። ተሕዋሱ ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚሻገር ግን የሚያውቅ አልነበረም። በ1894 ሮስ በእረፍት ላይ ሳሉ ለንደን ውስጥ ፓትሪክ ማንሰንን ተገናኙ፤ ማንሰንም ምስጢሩ በትንኝ ዘንድ ሳይሆን እንደማይቀር አስረዷቸው። ሮስ ወደ ሕንድ ተመልሰው ብዙ ትንኞችን በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ከቈዩ በኋላ፣ በኦገስት 20 ቀን 1897 በሴኩንደራባድ የወባን ተሕዋስ በአንዲት ትንኝ ጨጓራ ግድግዳ ላይ አዩት። በ1898ም በካልካታ የወፎችን ወባ በማጥናት ተሕዋሱ እስከ ትንኟ የምራቅ ዕጢ የሚያደርገውን ጉዞ ተከታትለው አረጋገጡ። በዚያው ዓመት ጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ግራሲና ባልደረቦቻቸው የሰው ወባ በአኖፌሊስ ትንኝ እንደሚተላለፍ አስረዱ። ስለ ቀዳሚነት በሁለቱ ወገኖች መካከል የተነሣው መራራ ክርክር ብዙ ዓመታት ፈጅቷል። የ1902 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ለሮስ ነው።

መንስኤውን ማወቅ ብቻውን ግን በሽታውን አያጠፋም። ሮስ በ1899 የሕንድን አገልግሎት ለቀው በሊቨርፑል የሐሩር አገር ሕክምና ትምህርት ቤት ማስተማር ሲጀምሩ፣ ዓላማቸው ትንኝን በመቀነስ ወባን መግታት ነበር። በስዌዝ ካናል ዳርቻ በምትገኘው በእስማኢሊያ ከ1902 ጀምሮ የተካሄደው ሥራ መልካም ውጤት አስገኘ። በላሆር አጠገብ በሚያን ሚር የጦር ሰፈር የተደረገው ሙከራ ግን እንደ ከሸፈ ተነገረ። ከዚህም በመነሣት፣ ትንኝን ሁሉ መግደል ስለማይቻል ገንዘብንና ድካምን በዚህ ላይ ማዋል ከንቱ ነው የሚሉ ባለሥልጣኖችና ሐኪሞች በረከቱ። ሮስ በበኩላቸው በሚያን ሚር የጸዳው ቦታ ጠባብ እንደ ነበረና የትንኞቹም ብዛት በሚገባ እንዳልተለካ ተከራከሩ።

ክርክሩ በቃል ብቻ የሚፈታ አለመሆኑን ስለ ተረዱ ወደ ሒሳብ ዞሩ። በ1904 በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባዔ፣ ትንኝ ከተፈለፈለችበት ቦታ ተነሥታ ምን ያህል ልትርቅ እንደምትችል በስሌት አቀረቡ። ቀጥሎም በ1907 መጨረሻ በወባ ወደ ተጐዳችው ወደ ሞሪሺየስ ደሴት ተጉዘው በ1908 ዘገባቸውን ጻፉ። የትንኝ ብዛት ከአንድ ወሰን በታች ከወረደ፣ ትንኞች ጨርሰው ባይጠፉም እንኳ ወባ በራሱ እየመነመነ እንደሚሄድ በዚህ ዘገባ አሳዩ።

የአሳባቸው አካሄድ በምሳሌ ሲታይ እንደሚከተለው ነው። 1,000 ሰዎች በሚኖሩበት መንደር የወባ በሽተኛው አንድ ብቻ፣ ትንኞቹ ደግሞ 48,000 ናቸው እንበል። ከትንኞቹ ሰው ለመንከስ የሚሳካላቸው ሩቡ ብቻ ቢሆኑ 12,000 ይሆናሉ፤ ከእነዚህም በሽተኛውን የሚያገኙት 12 ናቸው። ተሕዋሱ በሰውነታቸው እስኪጐለምስ ድረስ በሕይወት የሚቈዩት ሲሦው፣ ማለት 4 ቢሆኑ፣ ከእነዚህ ሌላ ሰው የሚነክሱት እንደ ገና ሩቡ፣ ማለት 1 ብቻ ነች። ስለዚህ አንዱ በሽተኛ እስኪድን ድረስ አንድ ሌላ በሽተኛ ይተካል። የትንኞቹ ቍጥር በግማሽ ቢቀንስ ግን የሚድነው ከሚታመመው ይበልጣል፤ በሽታውም እየጠፋ ይሄዳል።

በ1911 የወባ መከላከያ የተባለውን መጽሐፋቸውን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያሳትሙ ይህንን አሳብ በሰፊው ጨመሩበት። የታመሙ ሰዎችና ተሕዋስ የያዙ ትንኞች ቍጥር በየጊዜው እንዴት እንደሚለዋወጥ በተጣመሩ ቀመሮች ገለጹ። በ1916 እና በ1917ም፣ ከሒሳብ ሊቋ ከሂልዳ ሀድሰን ጋር በመሆን፣ ስሌቱ ከወባ አልፎ በሰዎች መካከል ለሚዛመት ነገር ሁሉ እንዲያገለግል አሰፉት።

የኋለኛው ዘመናቸው ደስታ የበዛበት አልነበረም። የመጀመሪያ ወንድ ልጃቸው በ1914 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደቀ። ሐኪሞቹ ሒሳቡን አላነበቡትም፤ የሒሳብ ሊቃውንቱም ስለ ወባ ግድ አልነበራቸውም። በ1926 በስማቸው የተሰየመ የምርምር ተቋምና ሆስፒታል በለንደን ተከፈተ፤ ሴፕቴምበር 16 ቀን 1932 ያረፉትም በዚያው ነው።

የዘሩት አሳብ ግን አልጠፋም። በ1901 ወደ ሴራሊዮን ተከትለዋቸው የሄዱት ሐኪም አንደርሰን ማኬንድሪክ፣ ከዊሊያም ከርማክ ጋር በ1927 ስለ ወረርሽኝ ስሌት ዝነኛውን ጽሑፍ አሳተሙ። ጆርጅ ማክዶናልድም በ1950ዎቹ የሮስን ቀመር አሻሽለው፣ ከትንኟ ብዛት ይልቅ የዕድሜዋ ርዝመት እጅግ እንደሚያመዝን አሳዩ። በቤት ግድግዳ ላይ የሚረጨው መድኃኒት ኀይል የሚያገኘውም ትንኟ ተሕዋሱን ለማብሰል ዕድሜ እንዳታገኝ ስለሚያደርግ ነው።

የዚህ ስሌት ቁም ነገር ለኢትዮጵያ ሐኪሞች ሩቅ አይደለም። በ1958 በደጋው ዳርቻ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወደ 150,000 የሚገመት ሕይወት አጥፍቷል። ወባ ከወትሮው እምብዛም በማይደርስበት ከፍታ ላይ ዝናቡና ሙቀቱ ለትንኟ ሲመቻት፣ ሮስ የጠቈሙት ወሰን ታለፈ፤ መከላከያ ያልነበረው ሕዝብም ተጐዳ። ወሰኑ ከመታለፉ በፊት ለማወቅ ትንኙን፣ ሕሙማኑንና የአየሩን ሁኔታ ሳያቋርጡ መለካት ያስፈልጋል። ሮስ ለባለሙያዎች የተዉት ዐደራ ይኸው ነው፤ በሽታን ለመግታት የተነሣ ሰው ምን ያህል ቢሠራ እንደሚበቃ አስቀድሞ ያስላ፣ ሥራውም ከተፈጸመ በኋላ ውጤቱን ይቍጠር።