እቴጌ መነን አስፋው

እቴጌ መነን አስፋው (1883–1954 ዓ.ም.) የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባለቤትና በአዲስ አበባ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት መሥራች ነበሩ። በአምባሰል፣ ወሎ፣ ከጃንጥራር አስፋውና ከንጉሥ ሚካኤል ልጅ ከወይዘሮ ስኂን ተወለዱ። በ1903 ዓ.ም. የሐረርን ገዥ ደጃዝማች ተፈሪ መኮንንን አግብተው በሐረር ኖሩ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር ዘውድ ጫኑ።

በዚያን ጊዜ የዳግማዊ ምኒልክና የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት ወንዶችን ነበር። እቴጌዪቱ ከዘውዱ በኋላ በዓመቱ ገደማ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት አስከፈቱ። ትምህርት ቤቱ አዳሪዎችን ስለሚቀበል፣ በአዲስ አበባ ዘመድ የሌላት ልጅ ከአምባሰልም ሆነ ከገለምሶ መጥታ የምትማርበት ዕድል ተገኘ።

በጣልያን ወረራ ምክንያት እቴጌዪቱ በ1928 ዓ.ም. ተሰደዱ፤ ትምህርቱም ተቋረጠ። ከነጻነት በኋላ ትምህርት ቤቱ እንደገና ተከፍቶ ብዙ ሴት ምሩቃንን አፈራ።

እቴጌ መነን የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. አርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። በደርግ ዘመን ትምህርት ቤቱ «የካቲት 12» ተባለ። ዛሬ በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራው የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን በመግቢያ ፈተና ይመርጣል።