መስቀል ተወልዶ ፋሲካ ያረፈው ጥላሁን ገሠሠ

ቶተንሃም ያደግን ልጆች ጥላሁንን የምናውቀው ከሰርግ ቪዲዮና ከእናቶቻችን ማድ ቤት ነው። እሱ ሲያርፍ እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ። ይህን ጽሑፍ በአንቱታ ጀምሬው ነበር፤ እናቴ አንብባ ሳቀችብኝ። ጥላሁንን አንቱ የሚለው ሰው የለም አለች፤ እኔም ተውኩት።

መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ አዲስ አበባ ተወለደ። የተማረው ግን ወሊሶ፣ አያቱ ዘንድ ሆኖ፣ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ነው። የሀገር ፍቅር ከያንያን ወሊሶ መጥተው ሲጫወቱ አያቸውና ልቡ ሸፈተ። ከመካከላቸው ኢዩኤል ዮሐንስ ዘፋኝ መሆን ከፈለገ አዲስ አበባ እንዲመጣ መከረው። መጀመሪያ ከቤት ጠፍቶ በእግሩ ወደ ቱሉ ቦሎ ሲሄድ ዘመዶቹ መለሱት። በሁለተኛው ግን ጭነት መኪና ላይ ወጥቶ አዲስ አበባ ገባ፤ ሀገር ፍቅርም ቀጠረው። ከዚያ ክብር ዘበኛ ወሰደው።

እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። እዚህ ቶተንሃም ሃይ ሮድ ላይ ሮያል የሚባል የጭፈራ አዳራሽ ነበር። በእንግሊዞቹ 1960ዎቹ መጀመሪያ ዴቭ ክላርክ ፋይቭ የሚጫወቱት እዚያ ነው። ዴቭ ክላርክ ባንዱን ራሱ ያስተዳድር ነበር፤ የቀረጻዎቹም ባለቤት እሱ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ግን ባንድ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ወይም የቴአትር ቤት ነው፤ ዘፋኙም የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው። ኦርኬስትራው ከነሳክስፎኑና ከነትራምፔቱ ግሩም ነበር፤ አለቃው ግን ጄኔራል ነው።

ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ከሸፈ። ጥላሁንም ተጠርጥሮ ታሰረ። ሃያ ዓመቱ ነበር፤ የእኔ ዕድሜ። አልቻልኩም የተባለውን ዘፈኑን አንዳንዱ የፍቅር፣ አንዳንዱ የፖለቲካ አድርጎ ይሰማው ነበር፤ ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ይሄ አይከብድም። ከእስር በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ገባ። ኋላም በካሴቱ ዘመን ከኢቤክስ፣ ከዋልያስና ከሮሃ ባንድ ጋር ሠራ። ባንዶቹ ተበተኑ፣ መንግሥታት ተለወጡ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ሲዘፍን ግን የሚሰማው ያው ድምፅ ነው። አንገቱ ላይ በስለት ተወግቶ እንኳን ተርፎ ዘፈነ። አንገት ውስጥ ስንት ነገር እንዳለ የአናቶሚ ትምህርት ከወሰድኩ ወዲህ ሳስበው ይዘገንነኛል።

ስኳሩ ግን አልለቀቀውም። አንድ እግሩን አስቆረጠው፤ ከዚያም በኋላ መድረክ ላይ ታይቷል።

አጎቴ የስኳር በሽተኛ ነው፤ መኪናው ውስጥ ከጥላሁን ሌላ አይከፈትም። ዓመታዊውን የእግር ምርመራ ሁለት ጊዜ ቀርቷል። አላመመኝም ይላል። አለማመሙ ራሱ ነው የሚያስፈራኝ፤ ስኳር ነርቭ ሲጎዳ ቁስል አይሰማም። ለነርስነት የምማረውን ሁሉ ዘረዘርኩለት፤ ሰምቶ ዝም አለ። ባለፈው እሁድ የጥላሁንን እግር አነሳሁበት። ከእኔ በላይ ያውቀው ኖሯል። ቴፑን ዝቅ አድርጎ፣ እግሩ ከተቆረጠ በኋላ ሲዘፍን በቪዲዮ ያየ ቀን እንዳለቀሰ ነገረኝ። ካልሲውን አስወልቄ አየሁት፤ ተረከዙ ላይ ትንሽ ስንጥቅ አለ። ሐሙስ አብሬው ክሊኒክ እሄዳለሁ።

ጥላሁን ከአሜሪካ በተመለሰ ሰሞን፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት፣ ወደ ሆስፒታል ሲወሰድ አዲስ አበባ ላይ አረፈ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቶት ነበር። የተቀበረው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። አጎቴ እንደሚለው የዚያን ዕለት እኛ ቤት ዶሮው ቀርቦ ማንም አልበላም፤ እኔ ብቻ እንቁላሉን ይዤ እሮጥ ነበር አሉ።