የበለጸገውን ዩራኒየም በባህር ያደረሱት ካፒቴን ቻርልስ ማክቬይ

ለጦር መሣሪያነት የበለጸገ ዩራኒየም ለመጀመሪያ ጊዜ ውቅያኖስ አቋርጦ ለጦር ግንባር የተጓጓዘው እ.ኤ.አ በ1945 ሲሆን፣ ጭነቱን ያደረሱት የአሜሪካ ባህር ኃይል መኮንን ካፒቴን ቻርልስ ማክቬይ ናቸው።

ማክቬይ እ.ኤ.አ በ1898 በፔንሲልቫኒያ ተወለዱ። አባታቸው አድሚራል ነበሩ። ከባህር ኃይል አካዳሚ በ1919 ተመርቀው በልዩ ልዩ ኃላፊነት ካገለገሉ በኋላ በኅዳር 1944 የ"ኢንዲያናፖሊስ" የጦር መርከብ አዛዥ ሆኑ።

መርከቧ ጁላይ 16 ቀን 1945 ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሳች። በሂሮሺማ ላይ ለተጣለው ቦምብ ከተዘጋጀው 64 ኪሎ ግራም ያህል ዩራኒየም ከግማሽ የሚበልጠው በእርሳስ ማዕድን በተለበጠ መያዣ ውስጥ ሆኖ ከአንድ የመኮንኖች ክፍል ወለል ጋር ታስሯል። ቀሪው በሦስት አውሮፕላኖች ተከፋፍሎ እንዲጓዝ ተደረገ። ጭነቱን ያጀቡት ሁለት መኮንኖች የመድፈኛ ክፍል ባልደረቦች መስለው የቀረቡ ሲሆን፣ አንደኛው እንዲያውም ሐኪም ነበሩ። የጭነቱ ምንነት ለካፒቴኑ አልተነገራቸውም። የተነገራቸው እያንዳንዱ የሚቆጠብ ቀን ጦርነቱን እንደሚያሳጥር፣ መርከቧ ብትሰጥም እንኳ በቅድሚያ መዳን ያለበት ጭነቱ መሆኑ ነው። ፐርል ሃርበር በ74 ሰዓት ተኩል ደርሰው ክብረ ወሰን አስመዘገቡ፤ ጁላይ 26 ቀን ቲኒያን ደሴት ላይ አስረከቡ።

ለጭነቱ የተደረገው ጥንቃቄ ግን መርከቧን አልተከተለም። ማክቬይ ከጉዋም ወደ ሌይቴ ሲያቀኑ አጃቢ መርከብ ቢጠይቁም አልተፈቀደላቸውም። በዚያው አካባቢ ከቀናት በፊት አንድ የአሜሪካ መርከብ በጠላት መስጠሙም አልተነገራቸውም። ጁላይ 30 ቀን እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ የጃፓን ሰርጓጅ መርከብ በሁለት ቶርፔዶ መታቻት፤ በ12 ደቂቃ ውስጥ ሰጠመች። ሌይቴ ባለመድረሷ ማንም አልጠየቀም። አሠራሩ የጦር መርከብ በሰዓቱ እንደደረሰ የሚቆጥር ነበርና። በባህር ላይ የተበተኑትን ኦገስት 2 ቀን ያያቸው ለቅኝት የወጣ አውሮፕላን ሲሆን፣ እሱም በአጋጣሚ ነው። ከ1ሺህ 195 ሰዎች የተረፉት 316 ብቻ ነበሩ።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር ማክቬይ አቅጣጫ እየለዋወጡ ባለመጓዛቸው መርከቧን ለአደጋ አጋልጠዋል ተብለው በጦር ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። ለምስክርነት የተጠሩት የጃፓኑ ሰርጓጅ አዛዥ ሞቺትሱራ ሃሺሞቶ፣ አቅጣጫ መለዋወጡ መርከቧን ባላዳናት ነበር ሲሉ መስክረው ነበር። ቅጣቱ በ1946 ተነሳላቸው፤ በ1949 በሪር አድሚራል ማዕረግ ጡረታ ወጡ። ከሟች ቤተሰቦች የሚላኩ የወቀሳ ደብዳቤዎች ግን ለዓመታት አልተቋረጡም። በ1968 ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ።

ከአደጋው የተረፉት መርከበኞች ለአዛዣቸው ስም መከራከራቸውን አላቆሙም። የአሜሪካ ኮንግረስ በ2000 ማክቬይን ከተጠያቂነት ነጻ የሚያደርግ ውሳኔ አሳለፈ፤ ባህር ኃይሉም በ2001 ይኸው በአገልግሎት መዝገባቸው ውስጥ እንዲሰፍር አደረገ። የጦር ፍርድ ቤቱ ፍርድ ራሱ ግን አልተሰረዘም።