ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ፦ የነርሷ ሕይወትና በእርግዝና የመጣ ሞት

የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ስም ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከስደትና ከነርስነት ሙያ ጋር ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ግን ሕይወታቸውን ከአሟሟታቸው አንጻር ይመለከታል። ሞታቸው በሐውልትነት በቆመ ሆስፒታል ሲታወስ፣ የሞቱ ምክንያት በደፈናው ብቻ መጠቀሱ ስለ ጽንስ መቋረጥ በአገራችን የኖረውን ዝምታ ያመለክታል።

ልዕልቲቱ በ1912 ዓ.ም. ተወለዱ። ድምፃቸው ከአገር ውጭ የተሰማው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በ1927 ዓ.ም. በተመረቀው የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ አማካይነት ነው። የፋሺስት ወረራ ሊጀምር ሳምንታት ሲቀሩት እቴጌ መነን ለዓለም እናቶች ያቀረቡትን ጥሪ ልጃቸው በእንግሊዝኛ አሰሙ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቤተሰቡ ወደ ጅቡቲ ያመራው በዚያው በአቃቂ በሚያልፈው ባቡር ነበር።

በእንግሊዝ አገር ልዕልቲቱ የስደትን ዘመን በትምህርት አሳለፉት። ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርሞንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሠልጥነው በ1939 እ.ኤ.አ. የሕፃናት ነርስ ሆኑ፤ ቀጥሎም በጋይስ ሆስፒታል ተማሩ። ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ከአቢይ አበበ ጋር ተጋቡ፤ ባለቤታቸው ወደ ተሾሙበት ወደ ወለጋም ሄዱ። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ለቀምት ላይ ዐረፉ።

አንዳንድ ጽሑፎች በወሊድ እንደ ሞቱ ይገልጻሉ። ከሠርጉ እስከ ዕለተ ሞታቸው ግን አራት ወር እንኳ አልሞላም፤ ስለዚህ ጽንሱ ጊዜው ሳይደርስ የተፈጠረ ችግር እንደ ነበር መገመት የተሻለ ነው። እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ይናገራል። አስወረዳት ስንል ጽንሱ በራሱ መጨንገፉን፣ አስወረደች ስንል ደግሞ ሴቲቱ ሆን ብላ ማቋረጧን እንረዳለን፤ ግሱ አንድ ሲሆን የሚለየው ባለቤቱ ብቻ ነው። ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ሲከተሉም የሚያስፈልገው ሕክምና ተመሳሳይ ነው። ኅብረተሰቡ ግን ለአንደኛዋ ያዝናል፣ በሌላዋ ይፈርዳል፤ ፍርዱን የምትፈራ ሴት ደግሞ በየትኛውም ምክንያት ትድማ ዘግይታ ትመጣለች።

በሲልቪያ ፓንክረስት አስተባባሪነት በተሰበሰበ ገንዘብ የታገዘው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ከሞታቸው ዘጠኝ ዓመት በኋላ ተከፈተ። በ1951 ዓ.ም. ሐኪሞቹ ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ለማቋቋም የመጡት ወደዚሁ ሆስፒታል ነው፤ በዚያ ያዩት የፌስቱላ ሕመምተኞች ሥቃይም በ1967 ዓ.ም. ለተከፈተው የፌስቱላ ሆስፒታል መነሻ ሆነ።

ሕጉ ግን የሄደው በራሱ ፍጥነት ነው። በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጽንስ ማቋረጥን የፈቀደው ሴቲቱን ከከባድና ዘላቂ አደጋ ለማዳን ሲሆን ብቻ ነበር፤ ለዚህም የሁለተኛ ሐኪም ስምምነት ይጠየቅ ነበር። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ድርጊቱን በመርሕ ደረጃ ወንጀል እንደ ሆነ አቆይቶ፣ በአንቀጽ 551 የተፈቀዱትን ሁኔታዎች አሰፋ፤ አስገድዶ መድፈር፣ በዘመዳሞች መካከል የተፈጸመ ግንኙነት፣ የእናት ወይም የጽንስ አደጋ፣ የማይድን የጽንስ ጉድለት፣ እንዲሁም ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ያልሆነች ለአካለ መጠን ያልደረሰች ወይም የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ያለባት ሴት ሁኔታ ተካተቱ። በመደፈር ወይም በዘመድ ለተፀነሰ ጽንስ የሴቲቱ ቃል በቂ ማስረጃ ሆነ።

ዛሬ በአቃቂ ቃሊቲ የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ። ያም ሆኖ ከሆስፒታል አጠገብ መኖር ብቻውን አያድንም፤ ሴቲቱ ሕጉን ማወቅ፣ ሳትፈራ መግባትና ያለ ነቀፋ መታከም ይኖርባታል። የንጉሥ ልጅ፣ ሙያውንም የተማረች ነርስ መሆን ልዕልት ፀሐይን ካላዳናቸው፣ የእናቶችን ሞት በዕድል ወይም በጥፋት ብቻ ማስረዳት አይቻልም። አጥኚው ሊጠይቅ የሚገባው ሴቲቱ ምን አደረገች የሚለውን ሳይሆን፣ በደማች ጊዜ ማን ደረሰላት የሚለውን ነው።