ኢማም አል-ገዛሊ፦ የዑለማን ጥፋት የገለጡ፣ የዒልምን ቤት ያልናቁ

የየቲም ገንዘብ የበላ ዓሊም፣ በጉቦ የፈረደ ቃዲ፣ የወቅፍ ንብረት ለግል ጥቅሙ ያዋለ ኃላፊ ሲታይ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። ከፊሉ የዲን ተቋም ስሙ እንዳይጎድፍ ጥፋቱ ይሸፈን ይላል። ከፊሉ ደግሞ ከእነዚህ ምን እማራለሁ ብሎ መስጂዱንም መድረሳውንም ይርቃል። ይህ ጥያቄ ከ900 ዓመታት በፊት የኖሩትን የአንድ ታላቅ ዓሊም ሕይወት ከሥሩ አናውጦታል። እኚህ ሰው ኢማም አቡ ሐሚድ ሙሐመድ አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) ናቸው።

ለቀለብ የተገባበት መድረሳ

ኢማም አል-ገዛሊ በ450 ዓመተ ሂጅራ (1058 እ.ኤ.አ.) ዛሬ በኢራን በሚገኘው የኹራሳን ክፍል፣ ጡስ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ሱፍ እየፈተሉ የሚሸጡ ድሃ ሰው እንደነበሩ ይነገራል። ሞት ሲቃረባቸው ያላቸውን ጥቂት ገንዘብና ሁለቱን ልጆቻቸውን፣ አቡ ሐሚድንና አሕመድን፣ ለአንድ ሱፊይ ወዳጃቸው አደራ ሰጡ። ገንዘቡ ሲያልቅ ወዳጅየው ልጆቹ መድረሳ እንዲገቡ መከሯቸው፤ እዚያ ለደረሳ የዕለት ቀለብ ይሰጥ ነበርና። ኢማሙ በኋላ ዘመናቸው ይህን ሲያስታውሱ፣ ዒልምን የፈለጉት ለአላህ ብለው እንዳልነበር፣ ዒልሙ ግን ለአላህ ካልሆነ እምቢ እንዳላቸው ይናገሩ ነበር።

ከጡስ ወደ ጁርጃን፣ ከዚያም ወደ ነይሳቡር ሄደው ኢማሙል ሐረመይን ተብለው ከሚታወቁት ከአል-ጁወይኒ ተማሩ። ኡስታዛቸው በ478 ሂ. (1085) ሲሞቱ የሰልጁቆች ወዚር ወደነበረው ወደ ኒዛሙል ሙልክ ተጓዙ። ወዚሩም በ484 ሂ. (1091) በባግዳድ ኒዛሚያ መድረሳ ሙደሪስ አድርጎ ሾማቸው። ዕድሜያቸው ገና 33 ገደማ ነበር።

የባግዳድ ወንበር

ኒዛሚያ በ459 ሂ. (1067) ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ከጥያቄ ነፃ አልነበረም። ለማስተማር የተመረጡት አቡ ኢስሐቅ አሽ-ሺራዚ፣ በሕንፃው ውስጥ በግፍ የተወሰደ ንብረት አለ መባሉን ሰምተው በመክፈቻው ቀን ሳይመጡ ቀሩ። ኢብኑ ሰባግ የተባሉ ዓሊም ለ20 ቀናት ካስተማሩ በኋላ ነው ሺራዚ እሺ ብለው ወንበሩን የያዙት።

አል-ገዛሊ በዚያው መድረሳ ለ300 ያህል ደረሳዎች ያስተምሩ ነበር። በኸሊፋው በአል-ሙስተዝሂር ጥያቄም በባጢኒያዎች ላይ መልስ የሚሰጥ ኪታብ ጽፈዋል። ከውጭ ለሚያይ ሰው የጎደላቸው ነገር አልነበረም። እሳቸው ግን ኒያቸውን ሲፈትሹ ከዒልሙ ጀርባ ዝናና ማዕረግ ቆመው አገኙ። በ488 ሂ. (1095) ልሂድ ልቅር እያሉ ስድስት ወር ያህል ከነፍሳቸው ጋር ታገሉ። በመጨረሻ ምላሳቸው ለማስተማር አልታዘዝ አለ፤ ምግብም አልዋጥ አላቸው። ሐኪሞቹ ሕመሙ ከልብ የመጣ ነው ብለው ከማከም ተስፋ ቆረጡ።

ያኔ ለሐጅ እሄዳለሁ ብለው፣ ለልጆቻቸው የሚበቃውን ብቻ አስቀርተው ሀብታቸውን አከፋፈሉና ከባግዳድ ወጡ። ወንድማቸው አሕመድ በእሳቸው ቦታ አስተማሩ። ኢማሙ ደማስቆ ገብተው በኡመያድ መስጂድ ሚናራ ላይ ብቻቸውን ይቀመጡ ነበር። ቀጥሎም ወደ በይተል መቅዲስ አቀኑ። በ489 ሂ. (1096) በአል-ኸሊል፣ በነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) መቃብር ዘንድ፣ ሦስት ነገር ላይፈጽሙ ቃል ገቡ፦ የሱልጣን ገንዘብ ላይቀበሉ፣ ሱልጣን ዘንድ ላይሄዱ፣ ለመርታት ላይከራከሩ።

የሐኪሙ ሕመምና መድኃኒቱ

ኢሕያኡ ዑሉሚድ-ዲን የተሰኘው ሥራቸው 40 መጻሕፍትን የያዘ ሲሆን የሚጀምረው በዒልም ነው። በዚያ ክፍል የገዛ ባልደረቦቻቸውን አልማሩም። ስንት ከተማ ሙስሊም ሐኪም አጥቶ ሳለ ሁሉም ለፊቅሕ ክርክር የሚሽቀዳደመው ለምን እንደሆነ ጠየቁ። መልሱንም ራሳቸው ሰጡ፦ ሕክምና ቃዲ አያደርግም፤ በወቅፍና በየቲም ንብረት ላይም አያሾምም።

ይሁን እንጂ በዑለማ ጥፋት አሳበው ከዲን የሚርቁትንም እንዲሁ አልተዉአቸውም። አል-ሙንቂዝ ሚነድ-ደላል በተባለው ኪታባቸው፣ እገሌ ዓሊም አይሰግድም፣ እገሌ ወቅፍ ይበላል፣ እገሌ በጉቦ ይፈርዳል የሚሉ ሰዎችን ጉዳይ አንስተዋል። ዓሊሙ ሐራም የሚበላው ሐራምነቱን ክዶ ሳይሆን ስሜቱ አሸንፎት እንደሆነ ያስረዳሉ። በሕክምና የሚያምን ስንት ሕመምተኛ አለ፣ ሐኪሙ የከለከለውን ፍራፍሬና ቀዝቃዛ ውሃ መተው የሚያቅተው! የእሱ ድክመት የሐኪሙን ምክር ሐሰት አያደርገውም።

ይህ መልስ ለአጥፊው ሽፋን አይሰጥም። የዓሊሙ ጥፋት ጥፋት ተብሎ ይጠራል፤ በዒልሙ ምክንያት ተጠያቂነቱም ይከብዳል። አድማጩ ግን በሌላ ሰው ወንጀል አሳቦ የራሱን ሶላት መተው አይችልም።

መመለስ

በ499 ሂ. (1106) የኒዛሙል ሙልክ ልጅ የነበረው ወዚር ፈኽሩል ሙልክ በነይሳቡር ኒዛሚያ እንዲያስተምሩ አጥብቆ ጠየቃቸው። ሱልጣንን ላለመቅረብ ቃል ለገቡ ሰው ይህ ቀላል አልነበረም። የሕዝቡ ኢማን መዳከም ዝም ብሎ መቀመጥን ከለከላቸው፤ ደጋግ ሰዎችን አማክረውም ሄዱ። ቀድሞ ማዕረግ የሚገኝበትን ዒልም ያስተምሩ እንደነበር፣ አሁን ግን ማዕረግ የሚተውበትን እንደሚያስተምሩ ገልጸዋል። ወንበሩ ያው የመንግሥት መድረሳ ወንበር ነው፤ የተለወጠው የተቀመጠበት ሰው ኒያ ነው።

በ503 ሂ. (1109) ደግሞ በአንደሉስ፣ በቁርጡባ፣ የሙራቢጦች ገዥ ዓሊይ ኢብኑ ዩሱፍ ከቃዲው ኢብኑ ሐምዲን ጋር ተስማምቶ ኢሕያእን በእሳት አስቃጠለ። መጽሐፉን ያቃጠለው ለዲን የቆምኩ ነኝ የሚል አካል ነበር። ኢማሙ ግን በመጨረሻ ዘመናቸው በጡስ ከቤታቸው አጠገብ ለደረሳዎች መድረሳ፣ ለሱፊዮችም ኻንቃ ሠርተው ማስተማሩን ቀጠሉ። በጁማደል ኣኺራ 14 ቀን 505 ሂ. (ታኅሣሥ 1111 እ.ኤ.አ.) ወደ አኺራ ሄዱ።

ዒልማቸው እኛም ዘንድ ደርሷል። አል-ወጂዝ የተባለውን የፊቅሕ ኪታባቸውን ኢማም ራፊዒይ አብራሩት፤ የራፊዒይን ማብራሪያ ኢማም ነወዊይ አሳጠሩት፤ የነወዊይ ሚንሃጅ ደግሞ በወሎና በሐረር ደረሳዎች ሲቀሩት የኖሩት ኪታብ ነው። ለቀለብ ሲሉ መድረሳ የገቡ የአንድ የቲም ሥራ እዚህ የደረሰው፣ ጉድለት ባልጠፋባቸው መድረሳዎች አልፎ ነው።

ስለዚህ የዲን ተቋምን ማክበር ማለት ጉድለቱን መደበቅ አይደለም። የወቅፉ ሒሳብ ይጠየቅ፣ የበላ ይመልስ፣ ያልተገባው ከወንበሩ ይውረድ። ቤቱን ግን ጥለን አንውጣ፤ ነገ የሚቀሩበት ልጆች አሉና። አላህ ለኢማሙ ይዘንላቸው፤ ለእኛም ኢኽላስን ይስጠን። አሚን።