ኢግናዝ ሽዊን፤ የማውንቴን ብስክሌት አያት

በአገራችን የብስክሌት ውድድሮች ላይ ተወዳዳሪዎች በኮርስና በማውንቴን ተከፍለው ሲሰለፉ ማየት የተለመደ ነው። ባለ ቀጭን ጎማው ኮርስ የአውሮፓ ልጅ ነው። ከአዳማ ተነስቶ ወለንጪቲ ሲደርስ አስፋልቱን ለቆ ወደ ቦሰት ተራራ ቢታጠፍ የማይደነግጠው ማውንቴን ግን የተወለደው አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። የመጀመሪያዎቹን በእጃቸው የሠሩት ወጣቶች መነሻ ያደረጉት ደግሞ ከዓመታት በፊት የሞተ የአንድ ጀርመናዊ ስም ያለበትን አሮጌ ብስክሌት ነበር። ሰውየው ኢግናዝ ሽዊን ይባላል። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)

ሽዊን በ1860 ሃርድሃይም በምትባል የጀርመን ከተማ ተወለደ። አባቱ የሞተው ገና ልጅ ሳለ ነው። የማሽን ሥራ ተምሮ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሲሠራ ቆየ። ቀን ተቀጥሮ ይሠራል፣ ማታ የራሱን ብስክሌት በወረቀት ላይ ይነድፋል። ንድፉን ያየ ሃይንሪክ ክላየር የሚባል የፍራንክፈርት ፋብሪካ ባለቤት ቀጠረው። ሽዊን ግን እዚያም አልረጋም። በ1891 ባህር ተሻግሮ ቺካጎ ገባ።

ቺካጎ በዚያን ጊዜ ብስክሌት በብስክሌት ሆና ነበር። ሽዊን እውቀት እንጂ ገንዘብ የለውም። አዶልፍ አርኖልድ የሚባል በሥጋ ንግድ የበለፀገ ሌላ ጀርመናዊ ገንዘቡን አወጣና በ1895 አርኖልድ ሽዊንና ኩባንያው ተመሠረተ። ብዙም ሳይቆይ መኪና መጣና የብስክሌት ገበያ ወደቀ። ፋብሪካዎች ተራ በተራ ሲዘጉ ሽዊን የከሰሩትን በርካሽ እየገዛ ቆመ፤ በ1908 የአርኖልድንም ድርሻ ጠቀለለ። ቀጥሎ ወደ ሞተር ሳይክል ገባ። ኤክሴልሲየር የሚባለውን ኩባንያ ገዛ፣ በ1917 ሄንደርሰንን ጨመረበት። ከሃርሊ ዴቪድሰንና ከኢንዲያን ቀጥሎ በአሜሪካ ሦስተኛ ሆነ ማለት ነው።

የሰውየውን ጠባይ የሚያሳየው የ1931ዱ ውሳኔው ነው። የኢኮኖሚ ቀውሱ ከተጀመረ ሁለት ዓመት አልሞላውም፣ የሞተር ሳይክሉ ሥራ ግን ገና እየሄደ ነው። ሽዊን የክፍል ኃላፊዎቹን ሰበሰበና ሞተር ሳይክል መሥራት በቃ አላቸው። ክርክር የለም፣ ቀጠሮ የለም። የ71 ዓመት ሽማግሌ በአንድ ስብሰባ 20 ዓመት የለፋበትን ዘጋ! ብዙ ሰው አብዷል ሳይል አልቀረም። ብስክሌቱ ግን ተረፈ።

ፋብሪካውን ይመራ የነበረው ልጁ ፍራንክ በ1933 ከሞተር ሳይክልና ከመኪና የተማረውን ለብስክሌት አደረገው። እስከዚያ ድረስ የአሜሪካ ብስክሌት ጎማ ቀጭንና በሙጫ የሚጣበቅ ነበር። ፍራንክ 26 ኢንች ቁመትና ከ2 ኢንች በላይ ውፍረት ያለው፣ በውስጥ ጎማ የሚነፋ ጎማ ይዞ መጣ። ብስክሌቱ ከባድ ነው፣ ግን አይሰበርም። ጋዜጣ አዳይ ልጆች ሲያንገላቱት ኖረዋል። ኤክሴልሲየር የሚለው ስምም ከሞተር ሳይክሉ ወርዶ ብስክሌት ላይ ተለጠፈ። አባት ይሄን ሁሉ አይቶ በ1948 በ88 ዓመቱ አረፈ።

ነገሩ የሚጥመው ከዚህ በኋላ ነው። በ1970ዎቹ በሳን ፍራንሲስኮ አቅራቢያ በታማልፓይስ ተራራ ዙሪያ ያሉ ወጣቶች፣ እነ ጋሪ ፊሸር፣ ቻርሊ ኬሊና ጆ ብሪዝ፣ የ1930ዎቹንና የ40ዎቹን የሽዊን ብስክሌቶች በጥቂት ዶላር እየገዙ ቁልቁለት መውረድ ጀመሩ። ፍሬኑ ፔዳል ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ፣ ሞዞ ውስጥ ያለ ነው። አንድ ቁልቁለት ሲወርዱ ይግልና ግራሶው ጨሶ ያልቃል፤ ስለዚህ እንደገና ፈትቶ ግራሶ መሙላት ግድ ነው። በጥቅምት 1976 የተጀመረው ዝነኛ ውድድራቸው ሪፓክ የተባለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ መልሶ መሙላት እንደ ማለት። ፊሸር ማርሽ ገጠመለት። አሮጌው ቴላዮ ግን እንዲህ ላለ ሥራ አልተሠራምና ሲሰበር ይበየዳል፣ ደግሞ ይሰበራል። በመጨረሻ ብሪዝ የሽዊኑን ቴላዮ ቅርጽ መነሻ አድርጎ በጠንካራ ቱቦ የራሱን በእጁ ሠራ። ከ1977 እስከ 1978 አሥር ብስክሌቶች ሠርቷል። ከነሱ የመጀመሪያው ዛሬ በዋሽንግተኑ የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ነው ያለው። በ1979 ፊሸርና ኬሊ፣ ቶም ሪቺ የሚበይደውን ቴላዮ ይዘው ንግድ ከፈቱ።

ቺካጎ ያለው የሽዊን ፋብሪካስ? በ1970ዎቹ መጨረሻ ክላንከር የሚባል ሞዴል ሞክሮ ቶሎ ተወው። ሽማግሌው ቢኖር ኖሮ እንዲህ ያለ ገበያ የሚያመልጠው አይመስልም። ኩባንያው በ1992 ኪሳራውን ሲያውጅ በኃላፊነት ላይ የነበረው የኢግናዝ የልጅ ልጅ ልጅ ነበር። በተከታዩ ዓመት ድርጅቱ ተሸጠ። በ1996 ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን ባሸነፈችበት የአትላንታ ኦሊምፒክ ማውንቴን ብስክሌት ለመጀመሪያ ጊዜ የሜዳሊያ ውድድር ሲሆን፣ ሽዊን የሚለው ስም ከቤተሰቡ እጅ ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነበር።